ራስፕቤሪ ፓይ 4 ላይ የቤት ፋይል ማስቀመጫ፦ ሁለተኛው ዲስክ ሲሰካ ሁለቱም ይጠፋሉ

ፋይል_ሰብሳቢ

ሰላም ለቤቱ። ባለ 4 ጊጋ ራም ራስፕቤሪ ፓይ 4 (መዳፍ የምታህለዋ ኮምፒውተር) አለኝ። ባለ 32 ጊጋ ሚሞሪ ካርድ ላይ ራስፕቤሪ ፓይ ኦኤስ ላይት ጭኜበታለሁ። ሁለት ባለ 2 ቴራ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስኮችም አሉ፤ ባለ 2.5 ኢንች፣ የራሳቸው ቻርጀር የሌላቸው። የቤተሰብ ፎቶና የሠርግ ቪዲዮ ወደ 1.4 ቴራ ይሆናል። ሁሉንም አንድ ቦታ ሰብስቤ ከላፕቶፕ፣ ከስልክና ከቲቪ እንዲከፈት ነው የምፈልገው።

አንዱ ዲስክ ብቻውን ይሠራል። ሁለተኛው ሲሰካ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማና ሁለቱም ከዝርዝሩ ይጠፋሉ፤ አንዳንዴ ፓይው ራሱ ሪስታርት ያደርጋል። ቻርጀሩ የስልክ ነው፣ 5 ቮልት 3 አምፔር ይላል።

ችግሩ ከዲስኩ ነው ከፓይው? ሁለቱን ሬይድ 1 (ሁለቱም ዲስኮች አንድ ዓይነት ቅጂ የሚይዙበት) ላድርጋቸው? መብራት ሲሄድስ ፋይሎቹ ምን ይሆናሉ? የምታውቁ እባካችሁ።

አምፔር

ዲስኮቹም ፓይውም ደህና ናቸው። የጎደለህ አምፔር ነው።

ፓይ 4 ላይ ያሉት አራቱ የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ተደምረው የሚሰጡት 1.2 አምፔር ብቻ ነው። ባለ 2.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ሞተሩ ሲነሳ ለጥቂት ሴኮንድ ወደ 1 አምፔር ይስባል፣ ከዚያ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። አንዱ እየዞረ እያለ ሁለተኛው ሲነሳ ድምሩ ከ1.2 ያልፋል፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ ሲዞር የነበረውም አብሮ ይወድቃል። ያ ቀጭ ቀጭ የሚለው ራሱ ነው፤ ሞተሩ ለመነሳት ይሞክራል፣ ኃይል ያጣል፣ እንደገና ይሞክራል። እንዲህ እየሆነ ብዙ ከቆየ ዲስኩን በእርግጥ ይጎዳዋል፤ ስለዚህ አሁኑኑ አንዱን ንቀለው።

ትልቅ ቻርጀር መግዛት ይህን አይፈታም፤ ገደቡ ቦርዱ ላይ ነው ያለው። ፓይ 5 ልግዛ የሚል ሐሳብ ከመጣም ይህን እወቅ፦ ፓይ 5 ለዩኤስቢ 1.6 አምፔር የሚሰጠው የራሱን 5 ቮልት 5 አምፔር ቻርጀር ሲያገኝ ነው። በ3 አምፔር ቻርጀር ከሠራ ለሁሉም ቀዳዳዎች 600 ሚሊአምፔር ብቻ ይለቃል። በስልክ ቻርጀር ፓይ 5 ከፓይ 4 የባሰ ነው ማለት ነው።

ለማረጋገጥ «ቪሲጄንሲኤምዲ ጌት_ትሮትልድ» በል። ውጤቱ ዜሮ ከሆነ ሰላም ነው። 50000 ካለ ከተነሳ ወዲህ ቮልቱ የወረደበት ጊዜ ነበር፤ 50005 ካለ አሁንም ወርዷል። ፓይው ማስጠንቀቅ የሚጀምረው ከ4.63 ቮልት በታች ሲሆን ነው። ቀጭንና ረጅም የስልክ ኬብል ብቻውን እዚያ ያደርስሃል፤ ኬብሉ ከአንድ ሜትር ባይበልጥና ወፈር ቢል ይሻላል።

መፍትሔው የራሱ አዳፕተር ያለው ዩኤስቢ 3 ሃብ (አንዱን ቀዳዳ ወደ ብዙ የሚያበዛው) ነው። ለሁለት ዲስክ አዳፕተሩ ቢያንስ 5 ቮልት 3 አምፔር፣ ወይም 12 ቮልት 2 አምፔር ይሁን። ሃቡን በሰማያዊው ቀዳዳ ሰካው፤ ጥቁሩ ዩኤስቢ 2 ነው። ገዝተህ ከመውጣትህ በፊት አንድ ፈተና አለ። ሃቡ ከሶኬትም ከፓይውም እንደተገናኘ የፓይውን ቻርጀር ንቀል። የፓይው ቀይ መብራት ካልጠፋ ሃቡ ኃይል ወደ ኋላ እየመለሰ ነው። እንዲህ ያለው ሃብ ፓይውን በትክክል እንዳይጠፋና እንዳይነሳ ያደርገዋል፤ መልስና ሌላ ያዝ።

መርካቶ_ዲስክ

አምፔር ልክ ነው። ሃቡ እስኪገኝ ግን ዲስኮቹን አንድ በአንድ መርምራቸው፣ በተለይ አንዱ ያገለገለ ከሆነ። «ስማርትሞንቱልስ» የሚባለውን የዲስክ ጤና መመርመሪያ ጫንና «ስማርትሲቲኤል»ን ዲ ሳት ከሚለው አማራጭ ጋር አስኪደው፤ ያለዚያ ብዙ የዩኤስቢ ሳጥኖች መረጃውን አያሳልፉም። የምታየው አራት ቁጥር ነው። የተበላሹ ቦታዎችን የሚቆጥሩት 5፣ 197 እና 198 ዜሮ መሆን አለባቸው። 197 ዜሮ ካልሆነ ዲስኩ ማንበብ ያቃተው ቦታ አለ ማለት ነው፤ የሠርግ ቪዲዮ አይጣልበትም። 199 ከፍ ካለ ግን ዲስኩን አትኮንን፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የኬብሉ ወይም የሳጥኑ ነው። ሰዓቱንም ተመልከት፦ ቁጥር 9 ላይ 30,000 ካየህ ያ ዲስክ ሳይጠፋ ከሦስት ዓመት በላይ ዞሯል። ሻጩ «አዲስ ነው፣ ካርቶኑ ብቻ ጠፍቶ ነው» ካለህ ይህን ቁጥር አሳየው።

ሌላው፣ ባለ 2.5 ኢንች ባለ 2 ቴራ ተንቀሳቃሽ ዲስኮች በሙሉ ማለት ይቻላል ኤስኤምአር ናቸው። ትራኮቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱ በሌላው ጫፍ ላይ ተደርበው ነው የሚጻፉት፤ አንዱን ለመቀየር የጎረቤቱንም እንደገና መጻፍ ይጠይቃል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ጊጋዎች ፈጥነው ይገባሉ፣ ከዚያ ፍጥነቱ በድንገት ያሽቆለቁላል። ብልሽት አይደለም፣ ትንሽ ሲያርፍ ራሱን ያስተካክላል። ለማንበብ ምንም ችግር የለበትም። ሬይድ ውስጥ ሲገባ ግን ዲስክ ተቀይሮ እንደገና ሲገነባ ቀናት ይፈጃል፤ ጭራሽ ከሬይዱ የሚወጣበት ጊዜም አለ።

«16 ቴራ ኤስኤስዲ» እየተባለ በርካሽ የሚሸጠውን ደግሞ ባትነኩት ይሻላል። ውስጡ ትንሽ ሚሞሪ ነው፣ መጠኑ ተዋሽቶ የተጻፈበት። «ኤፍ3» የሚባል ፕሮግራም አለ፤ እስኪሞላ ይጽፍና መልሶ ያነባል፣ ውሸቱን ያወጣዋል።

ሳምባ_ቤት

ወደ ሬይድ 1 ጥያቄ። አታድርገው። ሬይድ 1 አንድ ዲስክ ሲሞት ሥራ እንዳይቆም ነው የሚያገለግለው። ፋይል በስህተት ሲሰረዝ ከሁለቱም ላይ በዚያው ቅጽበት ይሰረዛል፤ ቫይረስ ሲቆልፈውም እንዲሁ። በዚያ ላይ ዩኤስቢ ላይ አንዱ ዲስክ ለሁለት ሴኮንድ ብልጭ ብሎ ቢጠፋ ሬይዱ አንድ ዲስክ ይጎድለዋል፤ 2 ቴራውን ከዜሮ መገንባት ሊጠይቅም ይችላል። አንተ ዘንድ የሚያስፈልገው አንዱ ዋና፣ ሌላው ባክአፕ ሆኖ ሌሊት ሌሊት መገልበጥ ነው።

ትእዛዞቹን በድምፃቸው ነው የማስቀምጣቸው፤ ስትተይብ በላቲን ፊደል መሆኑን አትርሳ።

ሁለቱንም ዲስክ በጂፒቲ (የዲስክ አከፋፈል ሠንጠረዥ) ከፋፍለህ በሊኑክሱ የፋይል ሥርዓት በኤክስት4 ፎርማት አድርግ። ኤክስፋት ላይ እንዳለ አትተወው፤ ጆርናል (ለውጡን አስቀድሞ የሚመዘግብበት ማስታወሻ) ስለሌለው መብራት ሲሄድ በጣም ከሚጎዱት አንዱ ነው። ኤንቲኤፍኤስም ሊኑክስ ላይ ሲበላሽ የሚጠግነው ሙሉ መሣሪያ ዊንዶውስ ላይ ነው ያለው። ፎርማት ማድረግ ሁሉን ያጠፋል፣ መቼም ይህን መናገር አያስፈልግም። ኤክስት4 ለሲስተሙ ብሎ 5 በመቶ ይይዛል፣ ከ2 ቴራ ላይ 100 ጊጋ ማለት ነው። ለፋይል ማስቀመጫ ዲስክ አያስፈልግም፤ «ቱን2ኤፍኤስ» በኤም 1 ወደ 1 በመቶ አውርደው።

ቀጥሎ «ብልክአይዲ» ብለህ የሁለቱን ዩዩአይዲ (የማይለወጥ መለያ ቁጥር) ቅዳ፣ ሲስተሙ ሲነሳ የሚገናኙት ዲስኮች በሚጻፉበት «ኤፍስታብ» ፋይል ውስጥ በዚያ አስገባቸው። «ኤስዲኤ» «ኤስዲቢ» በሚለው ስም አታስገባ፣ ሪስታርት ሲያደርግ ይለዋወጣሉ፤ አንድ ቀን ባክአፑ ዋናው ላይ ይጻፋል። አማራጮቹ ላይ «ኖኤታይም» እና «ኖፌይል» ይኑሩ። ኖፌይል ከሌለ ዲስኩ ያልተሰካ ቀን ፓይው ኢመርጀንሲ ሞድ ላይ ቆሞ ይቀራል። ስክሪን ስላልሰካህ የምታየው ዝም ያለ ሳጥን ብቻ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር። ኖፌይል ካለ ዲስኩ ሳይገናኝም ሲስተሙ ይነሳል፤ ዲስኩ የሚቀመጥበት ፎልደር ግን ባዶውን ሚሞሪ ካርዱ ላይ አለ። ሁለት አደጋ ይመጣል። ባክአፕ ዲስኩ ካልተገናኘ ኮፒው ካርዱ ላይ ይጻፍና 32 ጊጋው ይሞላል። ዋናው ዲስክ ካልተገናኘ ደግሞ «አርሲንክ» የሚባለው የመገልበጫ ፕሮግራም ምንጩ ላይ የሌለውን ከሚሰርዘው ከዴሊት አማራጭ ጋር ሲሄድ ምንጩ ባዶ ነው ብሎ ባክአፑን በሙሉ ያጠፋዋል። ስክሪፕቱ ምንም ነገር ከመጀመሩ በፊት «ማውንትፖይንት» በሚለው ትእዛዝ ሁለቱም መገናኘታቸውን ይጠይቅ፤ አንዱ ከሌለ ይውጣ። ተጨማሪ ጥበቃ ከፈለግህ ዲስኮቹ ከመገናኘታቸው በፊት ባዶዎቹን ፎልደሮች «ቻትር ፕላስ አይ» አድርጋቸው። ከዚያ በኋላ ሩትም (የሲስተሙ ዋና ተጠቃሚ) ቢሆን አይጽፍባቸውም።

ባክአፑን በአንድ ፎልደር ከመደራረብ «ሊንክ ዴስት» በሚለው አማራጭ በየቀኑ በቀኑ ስም አስቀምጥ። ያልተቀየረ ፋይል ቦታ ሁለት ጊዜ አይወስድም፣ የትላንቱም የባለፈው ሳምንቱም ሙሉ ሆኖ ይታያል። እንዲህ ካደረግህ ዴሊቱም አያስፈልግህም። ከ14 ቀን በላይ የሆነውን ስክሪፕቱ ይሰርዝ፤ ነገር ግን አዲሱ ኮፒ በሰላም ካለቀ ብቻ። ባክአፕ ዲስኩን በሳምባ (ፋይሎችን በቤቱ ኔትወርክ የሚያጋራው ፕሮግራም) ሼር አታድርገው፤ ከኮፒው ሰዓት ውጭም ባይገናኝ ጥሩ ነው።

ሰዓት ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። ራስፕቤሪ ፓይ ኦኤስ ካልነገርከው ታይምዞኑ ለንደን ነው፣ ወደ አዲስ አበባ ቀይረው። ሥራን በሰዓቱ በሚያስነሳው ክሮን ላይ 3 ብለህ የምትጽፈው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ፓይ 4 የራሱ የሰዓት ባትሪ የለውም፤ መብራት መጥቶ ኢንተርኔት ካልመጣ ሰዓቱ መብራቱ ከመሄዱ በፊት ከነበረበት ይቀጥላል። ለቀን ስም ያላቸው ፎልደሮች ይህ ችግር ነው። ስለዚህ ስክሪፕቱ «ታይምዴትሲቲኤል» ሰዓቱ መስተካከሉን እስኪያረጋግጥ ይጠብቅ።

ሳምባ ቀላል ነው። ጫን፣ «ኤስኤምቢ ዶት ኮንፍ» መጨረሻ ላይ የሼሩን ስምና ፎልደሩን ጻፍ፣ ሪድ ኦንሊ ኖ፣ ቫሊድ ዩዘርስ ላይ የቤተሰቡን ተጠቃሚ፣ ክሪኤት ማስክ 0660፣ ዳይሬክተሪ ማስክ 2770። «ቴስትፓርም» ብለህ ስህተት እንደሌለው እይ። ሰው የሚደናገርበት ፓስወርዱ ነው፦ የሳምባ ፓስወርድ ከሊኑክሱ የተለየ ነው። መጀመሪያ ተጠቃሚው ሊኑክስ ላይ መኖር አለበት፣ ከዚያ «ኤስኤምቢፓስውድ» በኤ አማራጭ ሌላ ፓስወርድ ትሰጠዋለህ። ያለ ፓስወርድ፣ በጌስት (በእንግዳ) ልክፈተው አትበል። ዊንዶውስ 11 ከ24ኤች2 ጀምሮ ፕሮው ላይ ጌስትን በራሱ ይከለክላል፤ «ትላንት ይከፈት ነበር» የሚለው ጥያቄ አብዛኛው መነሻው ይህ ነው።

ፋይል_ሰብሳቢ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሃቡ ተገኝቷል፣ የቀይ መብራቱን ፈተና አልፏል፣ ሁለቱም ዲስኮች ይታያሉ። ጌት_ትሮትልድ ዜሮ ነው። ኤክስት4፣ ኤፍስታብ፣ ሳምባ አልቋል።

የቀረው ሁለት ነገር ነው። ከላፕቶፕ ስገለብጥ ፍጥነቱ ከ11 ሜጋባይት በሴኮንድ ፈቀቅ አይልም፣ ላፕቶፑም ፓይውም በኬብል ራውተሩ ላይ ናቸው። ሁለተኛው፣ ትልቅ ፋይል ላይ በመሃል ለ30 ሴኮንድ ያህል ቀጥ ይልና እንደገና ይቀጥላል።

አምፔር

11 ሲባል ነገሩ ያለቀለት ነው፤ መስመርህ 100 ሜጋቢት ላይ ነው ያለው። «ኢትቱል» ብለህ ስፒዱን እይ፤ 1000 ማለት ሲገባው 100 ይልሃል። ወይ የራውተሩ ቀዳዳዎች ባለ 100 ናቸው (ርካሾቹ አብዛኞቹ ናቸው)፣ ወይ ኬብሉ ነው። ሰፈር ውስጥ በእጅ የሚመታ ኬብል ብዙ ጊዜ ከስምንቱ ሽቦ አራቱ ብቻ ነው የሚታሰረው፤ 1፣ 2፣ 3 እና 6። ለ100 ሜጋ ይበቃል፣ ለጊጋቢት ግን ስምንቱም ያስፈልጋሉ። የኬብሉን ጫፍ ወደ ብርሃን አድርገህ ሽቦዎቹን ቁጠር። ራውተሩ ከሆነ ባለ አምስት ቀዳዳ ጊጋቢት ስዊች ገዝተህ ፓይውንም ላፕቶፑንም እሱ ላይ አድርግ፣ ራውተሩ ለኢንተርኔት ብቻ ይሁን። ከዚያ 100 አካባቢ ታያለህ፤ ጊጋቢት ራሱ ከ110 ብዙም አያልፍም።

ለ30 ሴኮንዱ ጉዳይ ደግሞ የሲስተሙን መልእክቶች የሚያሳየውን «ዲሜሴጅ» በልና «ዩኤኤስ» እና «አቦርት» የሚሉ ቃላት ያሉበትን መስመር ፈልግ።

ፋይል_ሰብሳቢ

ኬብሉ አራት ሽቦ ብቻ ነው ያለው! ዲሜሴጁ ላይ «ዩኤኤስ … አቦርት ሃንድለር» ተደርድሯል፣ ሁሉም ስለ አንደኛው ዲስክ ነው።

አምፔር

እንግዲያው የሳጥኑ ቺፕ ነው። ዩኤኤስ ለዲስኩ ብዙ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ የሚልክበት መንገድ ነው። አንዳንድ የዩኤስቢ ወደ ሳታ ቺፖች እንችላለን ይላሉ እንጂ ጭነት ሲበዛባቸው መልስ ያቆማሉ። ሊኑክስ 30 ሴኮንድ ይጠብቅና ቺፑን ሪሴት ያደርጋል፤ ቀጥ የሚልብህ ለዚያ ነው።

ለዚያ ቺፕ ዩኤኤስን ዝጋው። «ኤልኤስዩኤስቢ» በልና የዲስኩን መለያ ያዝ፤ በሁለት ነጥብ የተከፈለ አራት አራት ሆሄ ነው። «ሲኤምዲላይን ዶት ቴክስት» ፋይል ውስጥ «ዩኤስቢ-ስቶሬጅ ዶት ኩዊርክስ እኩል ይሆናል» ብለህ መለያውን፣ ከዚያ ሁለት ነጥብና ዩ ጨምር። ፋይሉ እ.ኤ.አ. ከ2023ቱ ቡክዎርም (የራስፕቤሪ ፓይ ኦኤስ ዕትም) ወዲህ ቡት ውስጥ ፈርምዌር የሚለው ፎልደር ስር ነው፤ የቆዩ ጽሑፎች ቡት ላይ ነው የሚሉት፣ እዚያ ብትጽፍ ምንም አይለወጥም። ፋይሉ ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ መስመር ነው። አዲስ መስመር ጀምረህ ከጻፍክ የጨመርከው አይነበብም፤ ስፔስ ብቻ ትተህ እዚያው ቀጥል። ሪስታርት ካደረግህ በኋላ «ኤልኤስዩኤስቢ»ን በቲ አማራጭ እይ፤ ለዚያ ዲስክ ድራይቨሩ «ዩኤስቢ-ስቶሬጅ» ማለት አለበት፣ አጠገቡ ደግሞ 5000 የሚል ፍጥነት። 480 ካለ ጥቁሩ ቀዳዳ ወይም የዩኤስቢ 2 ኬብል ላይ ነህ። ፍጥነቱ በጥቂቱ ይቀንሳል፣ ግን አይቆምም።

ዘጠኝ_ቮልት

ስለ መብራቱ ማንም አልመለሰለትም፤ እኛ ሀገር ግን ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

ኤክስት4 ጆርናል ስላለው መብራት ቢሄድ የፋይል ሥርዓቱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። የማይተርፈው በዚያች ሰዓት እየተጻፈ የነበረው ፋይልና ሚሞሪ ካርዱ ነው። ካርዱ መጀመሪያ የሚሞት ክፍል መሆኑን ተቀበልና ተዘጋጅ፦ ሁሉን ካስተካከልክ በኋላ ካርዱን በሙሉ ኢሜጅ አድርገህ ላፕቶፕህ ላይ አስቀምጥ። ሲሞት ሌላ ካርድ ላይ መጻፍ ነው፣ የሃያ ደቂቃ ሥራ።

ለመብራት መቆራረጥ 650 ቪኤ የሚባለው ተራ ዩፒኤስ ይበቃል። ውስጡ ያለው ባትሪ ብዙ ጊዜ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት ነው፣ ሲባዛ 84 ዋት-ሰዓት። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በላይ ባታወርደው ዕድሜው ይረዝማል፤ ስለዚህ 40 አካባቢ አለህ። ፓይ፣ ሁለት ዲስክ፣ ሃብና ራውተር ተደምረው ወደ 20 ዋት ናቸው። ዩፒኤሱ ራሱ የሚበላውን ቀንሰህ አንድ ሰዓት ተኩል ብለህ ያዝ፣ ባትሪው አዲስ እያለ። ፓይውን ብቻ ዩፒኤሱ ላይ አድርገህ ሃቡን ተራው ዲቫይደር ላይ የረሳኸው እንደሆነ ግን ድካሙ ከንቱ ነው፤ የሚጎዳው ዲስኩ ነው። ራውተሩንም አትርሳ።

ዩፒኤሱ ዩኤስቢ መስመር ካለው «ኤንዩቲ» የሚባለው ፕሮግራም ያነበዋል። ርካሹ ግን የለውም። ለእሱ አንድ ዘዴ አለ፦ ኔትወርኩ ላይ ያለ፣ ግን ከዩፒኤሱ ውጭ ቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት የሚሠራ ማንኛውም ዕቃ፣ ለምሳሌ ያረጀ ራውተር፣ በኬብል አገናኝ። ፓይው በየደቂቃው ፒንግ ያድርገው። አምስት ጊዜ ተከታትሎ ካልመለሰ መብራት ሄዷል ማለት ነው።

ያኔ ምን ይደረግ? ሰው ሁሉ «ፓወርኦፍ» ይላል። ግን ፓይ 4 ከጠፋ በኋላ የሚነሳው ኃይል ተቋርጦ ሲመለስለት ብቻ ነው። ዩፒኤሱ ባትሪው ሳያልቅ መብራት ከመጣ ኃይሉ አልተቋረጠም፤ ፓይው ጠፍቶ ይቀራል፣ አንድ ሰው ሄዶ ካልነቀለው። ቤት ሰው ከሌለ ሳምንትም ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ይልቅ ስክሪፕቱ ሳምባን ያቁም፣ ዲስኮቹን ያላቅቅ፣ «ኤችዲፓርም» በዋይ አማራጭ ሞተራቸውን ያሳርፍ፤ ፓይው ራሱ ይቆይ። ያ ዕቃ እንደገና ለፒንግ ሲመልስ ሌላ ሦስት ደቂቃ ጠብቆ ያገናኛቸው። መብራት እንደመጣ ወዲያው መልሶ የሚሄድበትን ቀን ታውቁታላችሁ፣ ሦስቱ ደቂቃ ለሱ ነው። ባትሪው እስከ መጨረሻው ቢያልቅ እንኳ የሚጠፋው ዲስክ ያልያዘ ፓይ ነው።

ሊኑክሷ

ይቅርታ፣ ግን ይህን ሁሉ የሚገዛ ሰው ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ ቢፈልግ አይሻለውም? ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ነው፣ መብራት መሄዱንም ያለ ፒንግ ያውቃል። ዩኤስቢ 3 አለው፣ አምፔሩም አይቸገርም። አንዱን ዲስክ ውስጡ በሳታ ማስገባት ይቻላል፣ የዲቪዲ ማስገቢያ ካለው ደግሞ ካዲ (በዲቪዲው ቦታ ዲስክ የሚይዝ ሳጥን) ገዝቶ ሁለተኛውን። ዴቢያን ጭኖ «ሎጂንዲ ዶት ኮንፍ» ላይ ሃንድል ሊድ ስዊች የሚለውን ኢግኖር ማድረግ ብቻ ነው፣ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ።

አምፔር

እህቴ ልክ ነሽ፤ ፓይው ገና ያልተገዛ ቢሆን እኔም እሱን ነበር የምለው። ሁለት ነገር ልጨምርበት። ዓመቱን ሙሉ 100 በመቶ ላይ ተሰክቶ የሚውል ባትሪ ያብጣል፤ ባዮሱ የሚፈቅድ ከሆነ 80 ላይ ይቁም፣ ካልሆነ ባትሪውን ቢያንስ በወር አንዴ በዓይን ማየት ነው። ያበጠ ባትሪ ያለበትን ላፕቶፕ ደግሞ አልጋ ስር አይተዉትም። ሌላው፣ ጀርባው ላይ ያለው ኔትወርክ ጊጋቢት መሆኑን ሳያዩ እንዳይገዙ። እሱ ግን ፓይው እጁ ላይ ነው፣ በያዘው ይቀጥል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ እኔ አሜሪካ ነኝ፤ አዲስ አበባ ወላጆች ቤት እንዲህ ያለ ፓይ አለ። ከዚህ ሆኖ ፎቶዎቹን ለመክፈት ራውተሩ ላይ ሳምባ የሚጠቀምበትን የኔትወርክ ቀዳዳ 445ን መክፈት በቂ ነው? ቀዳዳውን ከፍተነው አልሠራም።

ሳምባ_ቤት

እንኳንም አልሠራልዎ። 445ን ለኢንተርኔት መክፈት በፍጹም አይደረግም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ዓለሙን ያዳረሰው በዚሁ ቀዳዳ ነው፣ እስከዛሬም ሌት ተቀን የሚያንኳኳው አለ።

ያልሠራበት ምክንያት ሊሆን የሚችለው ይህ ነው፦ የአዲስ አበባው ራውተር ገጽ ላይ የውጭ አድራሻውን ያስዩ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ የኢንተርኔት ድርጅቱ አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኛ አካፍሎታል፤ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገባ በር የለም፣ ራውተሩን ምንም ቢያደርጉት። ፓይው ላይ ሳይሆን ራውተሩ ላይ ይታይ፤ ቴይልስኬል (ዕቃዎችን በኢንተርኔት ላይ በግል መስመር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ከተጫነ እሱም በዚሁ ክልል አድራሻ ስለሚሰጥ ያደናግራል።

ቀላሉ ቴይልስኬል ነው። ፓይው ላይና እርስዎ ስልክ ላይ በአንድ አካውንት ይጫናል፣ ሁለቱም ወደ ውጭ ስለሚደውሉ በር መክፈት አይጠይቅም። ለፓይው የቁልፉ ጊዜ እንዳያልፍ በአስተዳደር ገጹ ላይ ማጥፋትዎን አይርሱ፣ ያለዚያ ከወራት በኋላ አንድ ቀን ዝም ይላል፤ እዚያ ያለው ሰው ደግሞ እንደገና መግባት አይችልም። በሌላ ኩባንያ መንገድ መሄድ ካልፈለጉና የእርስዎ ቤት የራሱ የውጭ አድራሻ ካለው፣ ዋየርጋርድን (የግል መስመር የሚዘረጋ ነፃ ፕሮግራም) እዚያው እርስዎ ቤት አቁመው የአዲስ አበባው ፓይ ወደ እርስዎ ይደውል። ፓይው በኩል «ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ» 25 ይደረግ፣ መስመሩ እንዳይዘጋ።

የሁለቱን ቤት ኮፒ ማመሳሰል ከፈለጉ ግን ሒሳቡን መጀመሪያ ያስሉ። 1.4 ቴራ በ10 ሜጋቢት አፕሎድ ሳይቋረጥ ቢሄድ 13 ቀን ነው። የመጀመሪያውን ኮፒ በዲስክ የሚመጣ ሰው ይያዘው፤ ከዚያ በኋላ የተጨመረውን ብቻ አርሲንክ ሌሊት ሌሊት ይውሰድ፣ «ፓርሻል» ከሚለው አማራጭ ጋር፣ መስመር ሲቆረጥ ከዜሮ እንዳይጀምር። ዲስኩ ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በሉክስ (የሊኑክስ የዲስክ ምስጠራ) ይቆለፍ። ፓይ 4 ለኤኢኤስ (ሉክስ ለሚጠቀምበት የምስጠራ ስልት) የሚያግዝ ክፍል ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስለሌለው ቁልፉ ያዘገየዋል፣ ፓይ 5 አለው።

ፋይል_ሰብሳቢ

ኬብሉ ተቀየረ፣ ፍጥነቱ 98 ደርሷል፣ 30 ሴኮንዱም ጠፋ። ቲቪውም ሼሩን በቪኤልሲ ይከፍታል። አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ከድሮው ዲስክ ስገለብጥ አንዳንድ ቪዲዮዎች «ስሙ ረጅም ነው» ብለው እምቢ ይላሉ። ስማቸው በአማርኛ ነው፤ የሙሽሮቹ ሙሉ ስም፣ ቦታውና ቀኑ ተጽፎባቸዋል። ዊንዶውስ ላይ ግን ይሠሩ ነበር።

ሳምባ_ቤት

ኤክስት4 ለአንድ ስም የሚሰጠው 255 ባይት ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ይወስዳል፣ የእኛ አንድ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት። ስለዚህ አማርኛ ስም 85 ፊደል ላይ ያልቃል፣ ነጥቡንና ኤምፒ4 የሚለውን ስትቀንስ 83። ኤንቲኤፍኤስ የሚቆጥረው በባይት ስላልሆነ እዚያ 255 የአማርኛ ፊደል ይገባል፤ ዊንዶውስ ላይ የሠራው ለዚህ ነው። ስፔስና አኃዝ አንድ አንድ ባይት ብቻ ናቸው፣ ባለሁለት ነጥቡ የቃል መለያ ግን እንደ ፊደል ሦስት ይበላል።

በዊንዶውስ በኩል አትገልብጠው፣ በየፋይሉ እየቆመ ይጠይቅሃል። የድሮውን ዲስክ በቀጥታ ሃቡ ላይ ሰክተህ ለማንበብ ብቻ አገናኘውና በአርሲንክ ገልብጠው። ስሙ የረዘመውን ዘሎ ይቀጥልና መጨረሻ ላይ 23 በሚል ኮድ ይወጣል፣ ያለፋቸውንም በስማቸው ይነግርሃል። እነዚያን ዊንዶውስ ላይ አሳጥረህ፣ ቦታውንና ቀኑን ወደ ፎልደሩ ስም አዛውረህ፣ ያንኑ ትእዛዝ ድገመው፤ የተገለበጠውን አይነካም፣ የቀሩትን ብቻ ይወስዳል።